ቦታው በራሱ ስም ሲታይ

ስለ ፊልምና ስለ መቅረጫ ቦታዎች ለመቱና ለአካባቢው ሕዝብ የተዘጋጀ ንግግር

መቱ ውስጥ ካርል ሆስፒታል ወዴት እንደሆነ ቢጠየቅ የማያውቅ ሰው አይገኝም። ከሁሩሙ፣ ከአሌ፣ ከበቾ፣ ከጎሬ ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣ ሁሉ ስሙን እየጠራ ነው የሚመጣው። ካርል የተባለው ሰው ኢትዮጵያን ከመርገጡ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ግን ዛሬ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ካርልሃይንዝ ቦም የፊልም ተዋናይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 በወጡት ሦስት የ«ሲሲ» ፊልሞች ወጣቱን የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍን ሆኖ ተጫውቷል። እቴጌይቱን ሲሲን ሆና የተጫወተችው ሮሚ ሽናይደር ነበረች። ጀርመንኛ በሚነገርባቸው አገሮች እነዚህ ፊልሞች በገና ሰሞን በቴሌቪዥን ሲደጋገሙ ኖረዋል፤ አያት፣ እናትና ልጅ አብረው ያዩዋቸዋል።

በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ ሲሲ ያደገችበት ቤት ሐይቅ ዳር የቆመ ነጭ ግንብ ሆኖ ይታያል። ታሪኩ ቦታው ፖሰንሆፈን ነው ይላል፤ ፖሰንሆፈን በጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ያለ እውነተኛ ግንብ ነው። ሆኖም በዚያን ጊዜ ግንቡ ተጎሳቁሎ ስለነበር ቀረጻው የተካሄደው ድንበር ተሻግሮ፣ ኦስትሪያ ውስጥ ዛልስቡርግ አጠገብ ባለው የፉሽል ግንብ ነው። ተመልካቹ ግን በዓይኑ ያየውን አመነ። እስከ ዛሬ ድረስ የሲሲን ቤት አያለሁ ብሎ ሲሲ ወዳላደገችበት ወደ ፉሽል የሚጓዝ አለ።

ፊልም ቦታን እንዲህ ያደርጋል። አንዱን ቦታ የሌላውን ስም ሰጥቶ ያጫውተዋል፤ አንዳንዴ ስሙ እዚያው ይቀራል። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ያለችው የኦዴሳ ከተማ ከከተማው ወደ ወደቡ የሚወርድ ታላቅ ደረጃ አላት። የሶቪየቱ ዳይሬክተር ሰርጌይ አይዘንስታይን እ.ኤ.አ. በ1925 በሠራው «ፖተምኪን» በተባለው ፊልም ወታደሮች በዚያ ደረጃ ላይ ሕዝቡን እየተኮሱ ሲወርዱ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1905 በከተማይቱ ሰው መገደሉ እውነት ነው፤ በደረጃው ላይ እንደ ፊልሙ ያለ ጭፍጨፋ ግን አልነበረም። ቢሆንም ደረጃው በኋላ የፖተምኪን ደረጃ ተባለ። ፊልሙ ለከተማይቱ ያልነበራትን ትዝታ ሰጣት።

ወደ ቦም እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1960 የእንግሊዙ ዳይሬክተር ማይክል ፓወል «ፒፒንግ ቶም» በተባለ ፊልም ውስጥ አጫወተው። ለንደን ውስጥ ከራትቦን ጎዳና በሚገነጠል አንድ ጠባብ መተላለፊያ የተቀረጸ ትዕይንት አለበት፤ መተላለፊያው ዛሬም አለ። ያ ለስላሳ ንጉሠ ነገሥት በዚህኛው ፊልም ካሜራማን ነው፤ ሴቶችን እየገደለ በሞታቸው ሰዓት ፊታቸውን ይቀርጻል። የጊዜው ሐያሲዎች ፊልሙን በጥላቻ ተቀበሉት፣ የፓወልም ሙያ ክፉኛ ተጎዳ። ዛሬ ከታላላቆቹ ፊልሞች ተርታ ይቆጠራል። በካሜራ ስለሚፈጸም ጭካኔ ከተሠሩት ፊልሞች ሁሉ ከባዱ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይህን ሚና የተጫወተው ሰው ከ21 ዓመት በኋላ ወደ ካሜራ ፊት የወጣው ፈጽሞ በተለየ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1981 ቦም በጀርመን ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ ተወራረደ። ከተመልካቹ ሢሶው እንኳ በአፍሪካ ለተራቡ ሰዎች አንዳንድ ማርክ አይሰጥም፤ ከሰጠ ግን እኔ ራሴ ሄጄ እረዳለሁ አለ። ሢሶው አልሰጠም፤ ቦም ረታ። ግን ከ1 ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ፣ እሱም ውርርዱን ቢረታም ሄደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ድርጅቱን መሠረተ፤ እኛ አገር «ሰዎች ለሰዎች» እየተባለ የሚጠራው ነው። መጀመሪያ በምሥራቅ ሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ሠራ፣ ቀጥሎ ወደ ኢሉባቦር መጣ። መቱ ውስጥ አብዲ ቦሪ የተባለው የሕፃናት ማሳደጊያ የዚህ ድርጅት ነው። ቦም እ.ኤ.አ. በ2003 የኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ተሰጠው፤ በ2014 አረፈ።

ቦም በኢሉባቦር መሥራት በጀመረበት ጊዜ ወደዚህ ምድር ሌሎች ሰዎችም ይጓጓዙ ነበር፤ ያመጣቸውም ነገር ከፊልም ጋር የተያያዘ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ደረሱ። ኮረም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ንጋቷ አጥንት ይሰብራል። አሚን የቀረጸው ያንን ብርድ፣ ያንን ጭጋግ፣ በነጠላ ተጠቅልሎ መሬት ላይ የተኛውን ሕዝብ ነው። ምስሉ በመቶዎች በሚቆጠሩ የዓለም ጣቢያዎች ታየ። ኮረም የዓለም ሁሉ ስም ሆነች፤ ኢትዮጵያ ማለት ኮረም ማለት ሆነ። በተከታታዮቹ ወራት መንግሥት ባካሄደው የሰፈራ ፕሮግራም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600,000 ገደማ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወሰደ። ኢሉባቦር ከዋናዎቹ መዳረሻዎች አንዱ ነበር። መንገዱ ላይ የሞተ፣ ከቤተሰቡ የተለየ፣ በወባ ያለቀ ብዙ ነው። የተረፈው እዚሁ ቤት ሠራ፣ ቡና ተከለ፣ ተጋባ፣ ልጅ ወለደ።

የዓለም ካሜራ ኮረም ላይ ቆሞ ነበር። ሰዎቹ ከኮረም ተነሥተው የት እንደደረሱ፣ ማን እንደተቀበላቸው፣ የኢሉባቦር ገበሬ መሬቱን እንዴት እንዳካፈለ ግን ያ ካሜራ ተከትሎ አልመጣም። ቦታ በፊልም ታየ ማለት ታሪኩ ሙሉ ታየ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ከዚያ በፊትም አንድ ፊልም በወሎ ረሀብ ላይ ተሠርቶ መንግሥት ለመጣል አግዟል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ዘገባ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ታየ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ምሽት ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በረሀቡ ምስል መካከል ግን የቤተ መንግሥት ግብር ምስል ተቀጣጥሎበት ነበር። ወሎና ቤተ መንግሥቱ፣ በፊልም መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

የኢትዮጵያ መልክ በሌላ አገር መሬት የተጫወተበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውና አንጀሊና ጆሊ የተወነችበት «ቢዮንድ ቦርደርስ» የ1977 ዓ.ም.ን ረሀብ ሲያሳይ የተቀረጸው ናሚቢያ ውስጥ ነው፤ ወሎን የሚያውቅ ሰው ፊልሙ ላይ የሚያየው አሸዋ ነው። ስለ ቤተ እስራኤላውያን ጉዞ የሚተርከውና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት»ም የተቀረጸው ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። ገንዘቡ፣ መሣሪያው፣ የሠለጠነው የቀረጻ ሠራተኛና ኢንሹራንሱ እዚያ ስላለ ፕሮዲውሰሮች እዚያ ይሄዳሉ። ምክንያቱ ቢገባም ጉዳቱ ይቆያል፤ የወሎን ደጋ አይቶ የማያውቅ የውጭ ተመልካች ኢትዮጵያ በረሃ ናት ብሎ ከሲኒማ ቤት ይወጣል።

ጆሊ ራሷ ከዓመታት በኋላ ሌላ መንገድ ደገፈች። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው «ድፍረት» በእሷ ዋና ፕሮዲውሰርነት ቀረበ። በጠለፋ ጋብቻ ላይ የተመሠረተውና በ1988 ዓ.ም. አካባቢ በእውን ከተፈጸመ ጉዳይ የተነሣው ይህ ፊልም እዚሁ በኢትዮጵያ ተቀረጸ። በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አገኘ። የተጠለፈችው ልጅ የምትሮጥበት ሜዳ ኢትዮጵያ ነው፣ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ዛፍ ጥላ ኢትዮጵያ ነው። ዳኝነቱ በዛፍ ጥላ ሥርና በፍርድ ቤት አዳራሽ መካከል መሆኑን ተመልካቹ የሚረዳው ቦታዎቹ እውነተኛ ስለሆኑ ነው።

የውጭ ካሜራ ወደ ኢትዮጵያ መምጣት ረጅም ታሪክ አለው፤ አጀማመሩም ክፉ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን «ሉቼ» የተባለው ተቋም የጦርነቱን ምስል ለፋሽስት ፕሮፓጋንዳ ይቀርጽ ነበር። ጎፍሬዶ አሌሳንድሪኒ «አቡነ መሲያስ» የተባለውን ፊልም በተያዘችው ኢትዮጵያ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1939 በቬኒስ በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ወሰደበት። ታሪኩ በኦሮሞ ምድር ስለሰበከው ካቶሊካዊ ሚሲዮናዊ ስለ ማሳያ ነው፤ በአገሩ ሰው ፊት፣ በአገሩ ተራራ ላይ፣ ወራሪውን የሚያስመሰግን ፊልም ተሠራ። ከነፃነት በኋላ የመጡት ሌላ ፍላጎት ነበራቸው። የአሜሪካኑ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ፤ ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒም ለ«ሺህ አንድ ሌሊት» ፊልሙ ከየመን፣ ከኢራንና ከኔፓል ጋር ኢትዮጵያን መረጠ።

የአገር ልጅ ካሜራ ሲይዝ ግን የተለየ ነገር ይመጣል። «ሂሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአማርኛ ረጅም ፊልም ሆኖ ታየ፤ ድርሰቱ የእላላ ኢብሳ ሲሆን ዳይሬክተሩ ግሪካዊው ላምብሮስ ዮካሪስ ነበር። ኃይሌ ገሪማ በ1966 ዓ.ም. ማብቂያ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን ከአሜሪካ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው፤ ጭሰኛው፣ ባላባቱና ማሳው እንጂ ያጌጠ ነገር የለበትም። ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ደግሞ «ጤዛ»ን ሠራ። ከጀርመን የተመለሰው ምሁር ወደ እናቱ መንደር ይገባል፤ ከመንደሩ ሥር ሐይቅ ይታያል፤ ልጆች ከአፈሳ ለመዳን ዋሻ ውስጥ ይደበቃሉ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በኡጋዱጉ ፌስፓኮ ፌስቲቫል ላይ ታላቁን ሽልማት ወሰደ። ያሬድ ዘለቀ በጎንደር በኩል ባለው ደጋ የቀረጸው «ላምብ» እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፊልም ነው።

ለኢሉባቦር ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው የጀሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ነው። በሽር ሐረር ያደገች ናት፤ በሐረር ዙሪያ ስለ ጫት የሠራችው ፊልም አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ታየ። ጫቱ ሲለቀም፣ ሲታሰር፣ ሲጫን፣ ሲቃም ያሳያል፤ ሥራውንና ሰውን እንጂ አስጎብኚ የሚያሳየውን ሐረር አያሳይም። የኢሉባቦር ቡናም እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ዓይን ይገባዋል። የቡና ፊልም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውና የሚያልቀው ስኒው ላይ ነው።

የሶርን ፏፏቴ በቅርብ ያየ ሰው ይህ ቦታ ከካሜራ ምን እንደሚጠይቅ ይገባዋል። ውኃው ሰፊ ከሆነ የድንጋይ ከንፈር ላይ ይወረወራል፤ ዙሪያው ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፣ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከፏፏቴው ሥር የቆመ ሰው ልብሱ በውኃው ፍንጣቂ ይርሳል፣ የካሜራውም ሌንስ እንዲሁ፤ በየጥቂት ደቂቃው ካልተጠረገ ምስሉ ይደበዝዛል። ሁለት ሰዎች ፏፏቴው ሥር ቆመው ቢነጋገሩ ድምፃቸው በውኃው ድምፅ ይዋጣል፤ ስለዚህ ቃላቸው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ በምስሉ ላይ ይገባል፣ የውኃው ድምፅም ለብቻው ይቀረጻል። ከዛፎቹ ሥር ብርሃኑ አረንጓዴና ጥቂት ነው። ድሮ በፊልም ጥቅል ሲቀረጽ ይህን ጨለማ ለማብራት የመኪና ጭነት መብራትና ጄኔሬተር ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ያሉት ዲጂታል ካሜራዎች በዚህ ብርሃን ይሠራሉ። ዝናቡ ደግሞ አለ። በኢሉባቦር ክረምቱ ረጅም ነው፣ አንድ ትዕይንት ግማሹ በፀሐይ ግማሹ በዶፍ ከተቀረጸ አይጋጠምም። ስለዚህ ቀረጻ የሚያስብ ሰው ቀኑን ከኅዳር እስከ ጥር ቢያደርገው ይሻለዋል፤ ቡናው የሚቀላውና የሚለቀመውም በዚያው ሰሞን ነው።

ጎሬ ሌላ ናት። ከመቱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጭጋግ የምትለብሰው ይህች ከተማ፣ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ወደ መቱ ከመዛወሩ በፊት የምዕራቡ ንግድ እምብርት ነበረች። ቡናው ከዚህ በበቅሎ ወደ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ላይ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆኑት ራስ ተሰማ ናደው ይህን አገር ገዝተዋል። በ1890 ዓ.ም. ደጃዝማች ሳሉ ከጎሬ ጦር ይዘው ወደ ነጭ አባይ ዘመቱ። በሰኔ ወር ከሶባት መጋጠሚያ ደረሱ፤ አብረዋቸው ፈረንሳዮችና ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታሞኖቭ ነበሩ። ባንዲራ ከማዶ ለመትከል ኮሎኔሉ ከሁለት ኮሳኮች ጋር ዘሎ ወደ ወንዙ ገባ፤ አዞ ባለበት ውኃ ዋኝተው ተሻገሩ፣ ተክለውም ተመለሱ። ከምዕራብ ይመጣል የተባለው የፈረንሳዩ ማርሻን ግን አልደረሰም። ጦሩ በበሽታ ስለተጎዳ ተመለሰ፤ ማርሻን ፋሾዳ የገባው ከዚያ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ለሲኒማ ያልመረጠ ደራሲ ካለ አልሰማውም ማለት ነው።

ከ38 ዓመት በኋላ ጎሬ የኢትዮጵያ መንግሥት የመጨረሻ መቀመጫ ሆነች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. ከወጡ በኋላ እንደራሴው ራስ እምሩና ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ አስተዳደሩን እዚህ ይዘው ቆዩ፤ የጥቁር አንበሳ አርበኞችም ከራስ እምሩ ጎን ተሰለፉ። ጣሊያኖች ጎሬን የያዙት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው፤ ራስ እምሩ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጎጀብ አጠገብ ተማረኩ። ይህን ታሪክ የሚቀርጽ ሰው በናሚቢያ አሸዋ ላይ ሊቀርጸው አይችልም። የጎሬ ጭጋግ፣ የቁልቁለቱ መንገድ፣ ዝናቡ የታሪኩ አካል ናቸው፤ ጦሩ የዘገየው፣ በቅሎው የወደቀው፣ ሰው የታመመው በእነሱ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ፊልም መጥቶ የሄደበት ቦታ ሁሉ ተጠቀመ ማለት አይደለም። ቱኒዚያ ውስጥ ማትማታ ላይ ሰዎች መሬት ፈልፍለው የሚኖሩባቸው ቤቶች አሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሲዲ ድሪስ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1976 ለ«ስታር ዎርስ» ከተቀረጸ በኋላ ከመላው ዓለም እንግዳ ይጎርፍለታል፤ ሆቴሉ እስከ ዛሬ ይሠራል። ታይላንድ ውስጥ ማያ ቤይ የተባለችው ትንሽ ባሕር ዳር ግን ዕጣዋ ከበዳት። «ዘ ቢች» ለተባለው ፊልም አሸዋዋ ተስተካከለ፣ የኮኮናት ዛፍ ተተከለባት፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣ በኋላ ደግሞ ጎብኚ በጀልባ ጎረፈባት። ኮራሉ ስለሞተ መንግሥት በ2018 ዘጋት፤ እስከ 2022 መጀመሪያ ድረስም አልተከፈተችም። በክሮኤሺያ ዱብሮቭኒክም «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ካስተዋወቃት በኋላ ዩኔስኮ በአንድ ጊዜ ወደ አሮጌው ከተማ የሚገባው ሰው ከ8,000 እንዳይበልጥ እስከ መምከር ደርሷል።

እኛም ዘንድ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታ አለ። የያዩ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የተመዘገበው የዱር ቡና በጥላው ሥር ስለሚበቅል ነው። የደኑ ማዕከል ለጥበቃ ብቻ የተተወ ነው፣ ዙሪያው ላይ ሕዝቡ ቡናውንና ማሩን ይጠቀማል። ጄኔሬተር የሚያስገባ፣ መንገድ የሚጠርግ፣ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ የቀረጻ ቡድን ከማዕከሉ ውጭ መቆየት አለበት፤ ማያ ቤይን ያየ ይህን ቀድሞ ያውቃል።

ሥራው ከዚሁ ሊጀመር ይችላል። በሌሎች አገሮች የፊልም ኮሚሽኖች የመጀመሪያ ተግባር የቦታዎች ማኅደር ማዘጋጀት ነው፤ እያንዳንዱን ቦታ በየወቅቱ ፎቶ ያነሣሉ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት ከየት እንደምትገባ፣ መኪና እስከ የት እንደሚደርስ፣ መብራት ከየት እንደሚሳብ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይጽፋሉ። ለሶር ፏፏቴ፣ ለጎሬ አሮጌ ቤቶች፣ ለጉማሮ ሻይ ልማት፣ ለጌባ ወንዝና ለካርል ሆስፒታል እንዲህ ያለ ማኅደር ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የመቱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ጥሩ ስልክ ያላቸው ወጣቶች በአንድ የበጋ ወራት ሊያዘጋጁት ይችላሉ። ከኮረም መጥተው እዚህ ያረጁት ሠፋሪዎችና የተቀበሏቸው ገበሬዎችም ዛሬ በሕይወት ያሉት ቁጥራቸው እየቀነሰ ነውና ቃላቸው ከማንኛውም የቀረጻ ዕቅድ በፊት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ቀድሞ መቀረጽ ይኖርበታል።